የማልኩባት ቅዳሜ

ምዬ አላውቅም ነበር። ይህን የምነግራችሁ ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ ያለዚህ ታሪኩ ስለማይገባችሁ ነው። ባደግሁበት ቤት መሐላ ከስድብ እኩል ነው። እናቴ «አዎ ከሆነ አዎ በሉ፣ ካልሆነም አይደለም በሉ፤ የሰው ስም ምን አደረጋችሁ?» ትለን ነበር። ትምህርት ቤት ልጆቹ ሁሉ «እናቴ ትሙት» ሲባባሉ እኔ ዝም እላለሁ፤ «ተዋት፣ ጴንጤ ናት» ብለው ያልፉኛል። እያደር ይኸው ነገር መታወቂያዬ ሆነ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ክርክር ሲነሳ «ሶስና ካለች አለች» ይባላል። እኔም እንደማይገባኝ ሆኜ ዝም እላለሁ እንጂ ውስጥ ውስጡን እኮራ ነበር።

ጓደኛዬ መቅደስ ደግሞ የኔ ግልባጭ ናት። መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም አንድ ፎቅ ላይ፣ በር ለበር ነው የምንኖረው። ሳትምል አረፍተ ነገር አትጨርስም፤ የምትምለውም በአባቷ ነው። «ሽንኩርት እሳት ሆኗል፣ አባዬ ይሙት!» «ታክሲ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ መገናኛ ድረስ ተመልሼ ሄድኩ፣ አባዬ ይሙት!» አባቷ ጋሽ በቀለ ከእንጦጦ ጀርባ፣ በሱሉልታ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ። አንድ ቀን እሷ ቤት ተቀምጠው ስትምል ሰሟትና «አንቺ ልጅ፣ ለመሆኑ በቀን ስንቴ ነው የምትገድይኝ?» ብለው ሆዳችንን እስኪያመን አሳቁን።

መቅደስ ያን ጊዜ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ሁለተኛው ጊዜ ከሆስፒታል ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ መኪና ውስጥ አንድ ቃል ሳትተነፍስ መስኮቱን እያየች የመጣችበት መንገድ እስካሁን አይረሳኝም። በዚህኛው እርግዝና ሐኪሟ ደም ግፊቷን እየተከታተለ «ድንጋጤ የሚባል ነገር አላውቅላችሁም» ብሎ ሁላችንንም አስጠንቅቆናል።

ስለ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኔ የአትክልት ስፍራ ወዳድ ነኝ። ጓሮ የለኝም፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለኝ በረንዳ ሁለት ሰው አያስቀምጥም። የምወደው የሰው አትክልት ነው። አዲስ አበባ አሮጌ አትክልቶቿን በድንጋይ አጥር ደብቃ የምታኖር ከተማ ናት። ከቀበና እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ የድሮ ባላባት ቤቶች አሉ፤ ጽዳቸው፣ ዝግባቸው፣ ማን እንደተከለው የማይታወቅ ጽጌረዳቸው። አንዳንዱ አሁን ለሕዝብ ተከፍቷል፤ ያልተከፈተው ጋ ዘበኛ ለምኜ እገባለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራዬ ይኸው ነው። ፎቶ አነሳለሁ፣ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፣ ለጓደኞቼ እልካለሁ። «አስጎብኚዋ» ይሉኛል። በየካና በእንጦጦ የማላውቀው ዛፍ ያለ አይመስለኝም ነበር። መቅደስን ግን አንድም ቀን ይዣት ሄጄ አላውቅም። «ዛፍ ለማየት ከሆነ አባዬ ጋ እሄዳለሁ» ትለኛለች፤ «እዚያ ዛፉም አለ፣ እርጎውም አለ።»

ያን ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ስልኬ ጮኸ። ታላቅ ወንድሟ ኃይሉ ነበር።

«ሶስና፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አባዬ አረፈ።»

የጫማዬን ክር እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ሌሊት ነው። በተኛበት ቀረ» አለኝ። ድምፁ የደረቀ ነበር፤ ሲያለቅስ አድሮ የጨረሰ ሰው ድምፅ። «መቅዲ አልሰማችም። ዛሬ እንድትሰማም አንፈልግም። ዳዊትን ሌሊቱን ጠርቼው እኔ ጋ ነው፤ ለሥራ ነው የምወጣው ብሏታል። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ይዘን መጥተን መርዶውን እንነግራታለን። እስከዚያ አንቺ ያዢልን።»

ዳዊት ባሏ ነው። «እንዴት አድርጌ ነው የምይዛት?» አልኩት።

«ከሰፈር አውጪያት። እዚያ ከዋለች የጎረቤት ፊት አይታ ትነቃለች። ያ አትክልት ምናምን የምትይውን አሳያት። ስልኳን ደግሞ በዘዴ ያዢው፤ አንዱ ቀባጣሪ ደውሎ ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› ይላታል።»

«ኃይሉ፣ አባቷ እኮ ናቸው። ሳትቀብራቸው?»

«ሁለት ጊዜ ምን እንደሆነች አይተሻል» አለኝ። «ዛሬ ሬሳ ላይ ወድቃ ልጇን ብታጣ ማን ይጠየቃል? አንቺ ትጠየቂያለሽ?»

«እሺ» አልኩት።

አለቀስኩ። ጋሽ በቀለን እወዳቸው ነበር። ግን ሁሉንም ልናገር ብዬ ከጀመርኩ አይቀር ይኸኛውንም ልናገረው፤ ፊቴን እየታጠብኩ የት የት እንደምወስዳት ማሰብ ጀምሬ ነበር። መጀመሪያ ቀበና፣ ከዚያ ምሳ፣ ከዚያ ሌላ አትክልት። ከሰው ሁሉ እኔ በመመረጤ ደስ ያለኝ ነገር ነበረ። በሰው ሞት ጠዋት፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ቀኑን እንደ ሽርሽር እያሰናዳሁ እንደነበር ሳስበው አሁንም ጆሮዬ ይግላል።

መቅደስ በሩን የከፈተችልኝ በዳዊት ሹራብ ሆዷን ሸፍና ነው። «ይኸው ሰውየው ቅዳሜን እንኳን ጥሎኝ ወጣ» አለችኝ።

«ጥሩ። ዛሬ የኔ ነሽ። አትክልት ላሳይሽ ነው።»

«ደግሞ ጀመረሽ! በዚህ ሆድ?»

«ሐኪምሽ ትንሽ ትንሽ ተራመጂ ብሎሽ የለ? ፕሊስ። አንድ ቀን ብቻ።»

ትንሽ አሰበችና ሳቀች። «እሺ፤ ግን ሰልችቶኝ ብሞት በአንቺ ነው።»

አሮጌዋ ቪትዝ መኪናዬ ውስጥ እንደገባን «ስልክሽን አምጪው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይቀመጥ፤ ዛሬ ስልክ የሚባል ነገር የለም» አልኳት። ሕግ የማወጣ መስዬ። ሰጠችኝ። መብራት ላይ ስንቆም እሷ ወደ ውጭ ስታይ አጠፋሁት።

ቀበና ያለው አትክልት ከወንዙ ከፍ ብሎ፣ በድንጋይ እርከን የተከፋፈለ አሮጌ ግቢ ነው። ቤቱ የእንጨት ሰገነት አለው፤ ሰገነቱ ትንሽ ዘንበል ብሏል። ጥቅምት መግቢያ ስለነበር ሣሩ ገና አልደረቀም፤ በእርከኖቹ ጫፍ ላይ አደይ አበባ ቀርቶ ነበር። በር ላይ ያለችው ፈታሽ የመቅደስን ሆድ አይታ ቦርሳችንን እንኳ ሳትከፍት አሳለፈችን።

እንደምትሰለች ነበር የጠበቅሁት። አልሰለቻትም። ከአንድ እርከን ወደ ሌላው ቀስ እያለች ትወጣለች፣ የዛፉን ቅርፊት በመዳፏ ትዳብሳለች፣ ታሸታለች። እኔ ስለ አጥሩ ድንጋይ፣ ስለ ጽዱ ዕድሜ ስለፈልፍ «ሶሲ፣ እስኪ ዝም በይና ይሰማኝ» አለችኝ። ወንዙ ይሰማል። ወይራው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

«እስከ ዛሬ እንደዚህ ያለ ቦታ ደብቀሽኝ ነው?» አለችኝ።

«ስንቴ ለምኜሽ!»

«አባዬ ይሙት፣ እንዲህ መሆኑን አላወቅሁም።»

ሰምቼው የማላውቀው ቃል ይመስል ደነገጥኩ። በቀን አሥር ጊዜ የምሰማው ቃል ነበር። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ፈትቼ እንደገና አሰርኩ።

«ሽማግሌውን ይዘነው እንመጣለን» ስትል ቀጠለች። «በሚቀጥለው ቅዳሜ። እዚች ወንበር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ‹ይሄን የሚያህል መሬት ይዘው ድንች አይተክሉበትም?› ሲል ይታይሽ!» እሳቸውን አስመስላ ጉሮሮዋን እየሞረደች ተናገረች። ከልቧ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

«ታመጪዋለሽ?»

«እሺ» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸት በጣም ቀላል ነበር።

ምሳ እዚያው ቀበና በላን። ከምሳ በኋላ ላሳርፋት አስቤ ነበር፤ እሷ ግን ሽርሽሩ ጥሟታል። «እንጦጦ ካልወሰድሽኝ ቤት አልገባም» አለችኝ። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ብከለክላት ትጠረጥራለች። ደግሞም እኔ አስጎብኚዋ አውቃለሁ ብያለሁ፤ የእንጦጦው መናፈሻ ያለው ፊቱን ወደ ከተማው አዙሮ ነው፣ የጋሽ በቀለ አገር ያለው ከተራራው ጀርባ ነው፣ ምንም አይታይም። እሳቸው ጋ የሄድኩት ሁሌ በአስፋልቱ፣ በሱሉልታ መንገድ ዞሬ ነው። በላይ በኩል ሄጄ አላውቅም። ያላወቅሁትን እንዳላወቅሁ እንኳ አላወቅሁም።

በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ሽቅብ ነዳሁ። ቪትዟ እያቃሰተች ወጣች። ላይ ስንደርስ የባሕር ዛፉ ሽታ መስኮቱን ሞላው። ሙሽሮች ነበሩ፤ ሚዜዎቹ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ፎቶ አንሺውን ይከተላሉ። ከተማው ከታች በጭስና በጸሐይ ተሸፍኖ ይታያል። መቅደስ ግን ለከተማው ደንታ አልነበራትም።

«ይሄ መንገድ ወዴት ነው?» አለችኝ፣ በባሕር ዛፉ መሐል የምትሄደውን ጠባብ መንገድ እያሳየችኝ።

«ምንም የለበትም፤ ጫካ ነው።»

«ትንሽ ብቻ» ብላ ቀደመችኝ።

ዛፉ በድንገት አለቀ። መሬቱ ከእግራችን ሥር ወደ ሰሜን ተንሸራቶ፣ ቢጫና አረንጓዴ ማሳ እየሆነ ወደ ሜዳው ይወርዳል። ነፋሱ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፈፈው። እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች።

«ሶሲ! የኛ አገር እኮ ነው! ያቺ የዛፍ ክምር ትታይሻለች? ቤተ ክርስቲያናችን ናት። የኛ ቤት ከሷ ዝቅ ብሎ ነው። እንዴት ቅርብ ነው በእናትሽ!»

ቅርብ ነበር። በመኪና ብንነዳ፣ ከዚያ ጥቂት ብንራመድ የምንደርስበት ነበር። ክንዷን ያዝኩ።

«በቃ፣ ነፋሱ ይጎዳሻል፤ እንመለስ» አልኳት።

«ቆይ። ሰው አለ እኮ። ነጭ ነጩ አይታይሽም?»

ታየኝ። በጥቁር አረንጓዴው ዛፍ ዙሪያ፣ እንደ ፈሰሰ ጤፍ፣ ነጭ ሰው። ከነጩ መሐል ደግሞ ቀይ ነገር ይንቀሳቀሳል።

«ዛሬ ምን በዓል አለ?» አለች ለራሷ።

«የናንተን በዓል በምን አውቄው» ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ።

«በዓልማ የለም።» ድምፏ ተለወጠ። «ጥላ ይዘዋል። ቀብር ነው፣ ሶሲ። የማን ይሆን? ኃይሉ እንዴት አልነገረኝም? ስልኬን አምጪው።»

«ባትሪው ዘግቷል።»

«ያንቺን።»

እምቢ ልላት አልቻልኩም። ራሴ ደወልኩ፣ ለኃይሉ። ይጠራል። ኃይሉ እዚያ ታች፣ ከዚያ ነጭ መሐል እንዳለ እያወቅሁ፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እየታየኝ፣ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ቆምኩ። አላነሳም። ለዳዊት ደወልኩ። እሱም አላነሳም።

መቅደስ ወደ ታች አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። በፊቷ ላይ አንዱ ነገር ከሌላው ጋር ሲገናኝ አየሁት። ዳዊት በጠዋት መውጣቱ። የስልኩ ነገር። ቅዳሜ ሁሉ እምቢ ስትለኝ እተዋት የነበርኩት ዛሬ አለመተዌ።

«ሶስና» አለችኝ፤ በሙሉ ስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ዛሬ ለምንድነው ያወጣሽኝ?»

«አትክልት ላሳይሽ።»

«አባዬ ነው?»

«አይደለም።»

«ንገሪኝ። አባዬ ከሆነ አሁን እንደርሳለን። አፈር ሳይለብስ እንደርሳለን። ንገሪኝ።»

«አይደለም አልኩሽ እኮ።»

«ማዪ።»

«እንደማልምል ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ማዪ የምልሽ። ሌላ ሰው ቢምልልኝ አላምንም። አንቺ ከማልሽ አምናለሁ። ካልማልሽ ግን በእግሬ እወርዳለሁ።» ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወደ ቁልቁለቱ አንድ እርምጃ ወረደች። ጠጠሩ ከእግሯ ሥር ተንሸራተተ። አንድ እጇ ሆዷን ይዟል።

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ብዙ ጊዜ ልለይ ሞክሬያለሁ። ስለ ልጁ አሰብኩ፤ እውነት ነው። ኃይሉ «አንቺ ትጠየቂያለሽ?» ያለኝንም አሰብኩ። ግን ከሁለቱም በላይ ፈራሁ። የምትጮኸውን ጩኸት ፈራሁ፤ ሽማግሌ በሌለበት፣ ዘመድ በሌለበት፣ ተራራ ላይ ብቻዬን እሷን መያዝን ፈራሁ። እጇን ይዤ «አዎ፣ ነይ መኪና ውስጥ ግቢ» ማለት ይቻል ነበር። ዝም ማለት እንኳ ይቻል ነበር።

«ጋሽ በቀለ ይሙት» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከታች ያ ቀይ ጥላ ወደ ዛፎቹ ሥር እየገባ ነበር።

መቅደስ እዚያው ቁጭ አለች። ሰውነቷ ሁሉ ሲላላ አየሁት። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ሳቀች። «ገደልሽኝ እኮ! ወይ አንቺ! ጴንጤዋ ማለች! ይሄንን ለአባዬ ሳልነግረው አልቀርም። ‹ሶስና እንኳ ገደለችህ› እለዋለሁ።» አንገቴን አቅፋ ጉንጬን ሳመችኝ። ጉንጬ ላይ የቀረው እርጥበት የሷ እንባ ነበር።

ከሙሽሮቹ ጋር የመጣው ፎቶ አንሺ በዚያ በኩል ሲያልፍ ጠራችው። «ወንድሜ፣ በናትህ አንድ አንሳን። የኛ አገር ከኋላ ይግባ፤ ያቺ ቤተ ክርስቲያን እንድትታይ አድርገህ።» ስልኬን ሰጠሁት። እሷ በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው እኔን ይዛ፣ ጥርሷ እስኪታይ ሳቀች። «እህቴ፣ አንቺም ሳቂ እንጂ» አለኝ ፎቶ አንሺው። ሳቅሁ። ከኋላችን አባቷ ይቀበሩ ነበር።

በማግሥቱ ሰማዩ ገና ሲገላለጥ መጡ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብዙ ሰው ኮቴ ደረጃ ላይ በዝግታ ሲወጣ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የየቤቱ መብራት አንድ በአንድ በራ። ኃይሉ ከፊት ነበር። ከኋላው የእድሩ ሊቀ መንበር፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ዳዊት ከውስጥ ሊከፍት ሲል መቅደስ ቀደመችው። በሩን ከፍታ ሰዎቹን አየች። ማንም ቃል ሳይናገር ገባት። ሽማግሌው «ልጄ፣ አይዞሽ፣ የማይቀር ነው...» ሲሉ ጩኸቷ ደረጃውን ሞላው። ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ያዟት፤ አንዷ ከወደ ኋላ ሆዷን ደግፋ ያዘች። እኔ ከበሬ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ነበር። በሰው ትከሻ መሐል ዓይኗ ዓይኔን አገኘው። አልጮኸችብኝም። ወዲያው መለሰችው።

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ሲቀንስ፣ ፍራሹ ላይ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ለማለት ቃል እየፈለግሁ ሳለ እሷ ቀደመችኝ።

«ኃይሉ ደበቀኝ፤ ወንድሜ ነው፣ ለኔ አስቦ ነው። ዳዊትም ደበቀኝ። ወግ ነው፣ እኔም ለሌላ ሰው አደርገው ነበር» አለች። ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «አንቺ ግን ማልሽልኝ። ቆመን እያየነው፣ በሱ ማልሽልኝ።»

«መቅዲ፣ ልጁን ብዬ...»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «አውቃለሁ፣ ሶስና።» ከዚያ አዲስ የገባ ለቀስተኛ ሊያጽናናት ጎንበስ ሲል ወደሱ ዞረች።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ስልኬን ከፈትኩ። የሁለታችን ጥርስ ይታያል። አልቻልኩም። ፎቶውን አጠፋሁት፤ ተመልሶ እንዳይመጣ ስልኩ የጠፉ ፎቶዎችን ከሚያስቀምጥበትም ገብቼ አጠፋሁት። ያኔ ቀለል ያለኝ መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ በሰላም ተወለደች። ሙሉ ጤነኛ፣ ጸጉራም፣ ጯሂ። ሆስፒታል ሳለን ኃይሉ ሁለት እጄን ይዞ «እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ አንቺ ባትኖሪ ይቺ ልጅ አትኖርም ነበር» አለኝ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለኛል። «ደግ አደረግሽ።» የጸሎት ቡድኔ እንኳ ስነግራቸው «ሕይወት አድነሻል፤ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል» ብለው አጽናኑኝ። እናንተም ይህን ስታነቡ እንደዚያ የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ብትሰማ ኖሮ ልጇን ታጣ ነበር ወይስ አታጣም፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም፤ ይኸው ነው የሚያሰቃየኝም። ብታጣ ኖሮ ግን ይህን ታሪክ በሌላ ሐፍረት እጽፈው እንደነበር አውቃለሁ።

መርዶ የሚደበቅበትን ወግ ልወቅስ አልመጣሁም። ሰው ብቻውን ሳለ ሐዘን እንዳይወድቅበት የሚታዘንለት ወግ ነው፤ መደበቁን ወንድሟም፣ ባሏም፣ እድሩም፣ ጎረቤቱም ተካፍለነዋል። መሐላውን ግን ማንም አልተካፈለኝም። ኃይሉ «ያዢልን» ነው ያለኝ፤ ማዪ አላለኝም። ሰው ሁሉ በየቀኑ እየማለ የሚኖር ከተማ ውስጥ፣ ሳልምል ኖሬ ኖሬ፣ ያጠራቀምኩትን መታመን ሁሉ አውጥቼ አንዲት ልጅ አባቷን እንዳትቀብር ለማድረግ ተጠቀምኩበት። ሌላ ሰው ቢሆን አታምነውም ነበር፤ ትወርድ ነበር። ያስቆማት የኔ ጨዋነት ነው። እስከ ዛሬ ስመሰገንበት ከኖርኩት ነገር ይበልጥ የማፍርበት ነገር የለኝም።

አሁንም ቅዳሜ አትክልት አያለሁ። ስለማየው ግን አልጽፍም። «አስጎብኚዋ» ሲሉኝም መልስ አልሰጥም። ከመቅደስ ጋር አልተጣላንም፤ እንዳትሳሳቱ። ሰላም እንባባላለን፣ ልጅቷን እይዝላታለሁ፣ የሠራችውን ምግብ ትልክልኛለች። መማሏን ግን ተወች። ሽንኩርትም ቢወደድ፣ ታክሲም ቢያልፋት፣ አረፍተ ነገሯ መሐል ላይ እንደመቆም ብሎ ዝም ብሎ ያልቃል። ያቺን ባዶ ቦታ ሌላ ሰው አይሰማትም፤ እኔ እሰማታለሁ።

ልጅቷ ክርስትና ከተነሳች በኋላ ባለ አንድ ቀን መቅደስ በሬን አንኳኳች። ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አድርጋ እያሻሸቻት ነበር። ግቢ ብላት አልገባም አለች።

«ያን ፎቶ ላኪልኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

«የቱን?» እያወቅሁ ጠየቅሁ።

«እንጦጦ የተነሳነውን። ከኋላችን ቀብሩ አለ አይደል? ዘመድ ጎረቤት ሁሉ አባዬን ቀብሯል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልነበርኩት። እዚያ ፎቶ ላይ ግን አለሁ። ሩቅም ቢሆን አለሁ። ስታድግ ላሳያት ፈልጌ ነው፤ አንቺም ሆዴ ውስጥ ነበርሽ ልላት።»

 ልዋሻት እችል ነበር፤ ስልኬ ተሰርቆ ነው ማለት ይቻላል፣ በአዲስ አበባ ይህን የማያምን የለም።

«አጥፍቼዋለሁ» አልኳት።

«ከስልኩ?»

«ከሁሉም ቦታ። ማየት አቅቶኝ።»

ሕፃኗን ከአንዱ ትከሻዋ ወደ ሌላው አዛወረቻት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከንፈሯ ሲላወስ አየሁ። ማዪ ልትለኝ መስሎኝ ነበር። ብትለኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

«እሺ» አለች። ቤቷ ገብታ ሕፃኗ እንዳትነቃ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።